ለሚያለቅስ ሰው አይሸጥም

ዴልበርት ሃስኪንስ ለሚያለቅስ ሰው መሣሪያ አይሸጥም። ይህ የዋዮሚንግ ሕግ አይደለም፤ የራሱ የዴልበርት ሕግ ነው። የዋዮሚንግ ሕግማ እጀ ሰፊ ነው፤ ወንጀል የሌለበት ዐዋቂ ሽጉጡን ታጥቆ ገበያ ቢወጣ «ፈቃድህ የታለ?» የሚለው የለም። ዴልበርትም በዚህ ሲኮራ ለጉድ ነው። ዳሩ ግን ዓይኑ የቀላ ሰው ሲመጣበት ወሬ ያስረዝማል፣ ቀበቶ ያስለካል፣ የሽጉጥ ማኅደር ያስመርጣል፣ መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ይሸኘዋል። ሰውዬው እየተራገመ ይሄዳል። ይራገም። በማግስቱ በሕይወት አለ።

ሰሞኑን ገበያው ቀዝቅዟል። ያም ሆኖ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ የሚያለቅስ ሰው አያጣም።

በዚህኛው ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ዴልበርት ከመስታወት ሣጥኑ ኋላ ቆሞ የሽጉጥ ማኅደሮቹን ይወለውል ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ የንግድ ፈቃዱ ወይቦ ተሰቅሏል። መኪና ሲቆም አልሰማም። ሩቅ አቁማ በእግሯ መጥታለች አለ በልቡ፤ እንዲህ የሚያደርግ መታየት ያልፈለገ ሰው ነው። ቦርሳ አልያዘችም። ዓይኖቿ በርበሬ መስለዋል። ወደ እግሯ ቢያይ፣ ያደረገችው የቤት ውስጥ ጫማ ነው። ተጣልታ ሮጣ የወጣች ሴት።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

ሽጉጥ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሌላ ሰው ልኳት እንደሆነ ጠየቃት፤ ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት ወህኒ ያወርዳል። ለራሴ ነው አለች። ቤት ውስጥ የሚያስፈራት ነገር ካለ ጠየቃት። ስለ ባሏ አወራችለት።

«አላውቅሽም አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ።»

ዴልበርት ከንፈሩን መጠጠ። «ሌላ ሴት ይዞ ነው?»

«ሴት ብትሆንማ ጸጉሯን ይዤ አስወጣት ነበር።»

ሳቅ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ያኔ ነገሩ ገባው። ይህቺ ሴት ዛሬ ባሏን ልትገድል ነው።

እንግዲህ ማስረዘም ነው። ዴልበርት ደግሞ ሲጀምር ማን ያቆመዋል። የለሰለሰ ቆዳ አይግዙ ይላል፤ አፉ ይታጠፍና ሽጉጡን ሲያስገቡ ቃታውን ይስበዋል፣ ያኔ ቸር ይግጠምዎት። ጠንካራውን ማኅደር አወጣ። ልኩን ለማሳየት ለመለማመጃ የምትሆን ሰማያዊ የጎማ ሽጉጥ ከተተበት፤ ማኅደሩን ገልብጦ ቢያራግፈውም አልወደቀችም። ለስላሳ ቀበቶም አይሆንም አለ፤ ሱሪዎን ይዞ ይወርዳል። ካዝናውን እከፍታለሁ ብሎ ኪሶቹን ዳበሰ፣ ቁልፉን አጣው። ቢያገኘውም አይከፍት ነበር።

የዕቃውን ጽሑፍ ሊያነብ መነጽሩን ፈለገ።

«በውስጥ ኪስዎ ነው» አለችው።

እውነትም እዚያው ነበር። የዚህች ሴት ዓይን ምንም አያልፈውም አለ በልቡ፤ ይብሱን ፈራላት።

ሕጉን ጠየቀችው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ምን መብት አለው? ሰብሮ ከገባ ሰው ሸሽቶ መውጣት ግድ እንዳልሆነ አስረዳት፤ ቁልፍ ያለው ባል ግን ሰብሮ ገባ አይባልም፣ ዳኛውም አይሰማዎትም።

«እንዲህ ካለ ባል ጋር ደግሞ አይኖርም» አለ።

«ይኖራል» አለች።

ዴልበርት ዘወር ብሎ ከቁስል የሚፈስ ደም የሚያቆም ማሰሪያ አመጣ። ከሽጉጥ በፊት ይህን ግዙ ይላል ለሁሉም፤ ርካሹን ግን አትንኩ፣ ስታጠብቁት መጠምዘዣ ዱላው እጃችሁ ላይ ይሰበራል። ክንዷ ላይ አሰረላትና ዱላውን ጠመዘዘው።

«ያምዎታል?»

«አዎ።»

«ካላመመ አልሠራም ማለት ነው።»

ፈታላት። ለምን እንደሆነ ባያውቅም እጇን ቶሎ አልለቀቀውም። እሷም አልሳበችውም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

ለዴልበርት ይህ በቂ ነበር። ማኅደሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«አልሸጥልዎትም። ሕጉ እንድሸጥ ይፈቅድልኛል እንጂ አያስገድደኝም። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ ለምጄዋለሁ። ይልቅ ቤትዎ ይሂዱና ባልዎን ራት ያብሉት። ማን ያውቃል፣ ነገ ያውቅዎት ይሆናል።»

አልተቆጣችም። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ማኅደሩን ከፊቱ አንስታ፣ የት እንደሚሰቀል ሳትጠይቅ፣ በመንጠቆው ሰቀለችው። ሰማያዊዋን የጎማ ሽጉጥ በመሳቢያዋ አስተኛቻት።

«ደግ ሰው ነዎት» አለችው።

ዴልበርት ደስ አለው። ዛሬም አንድ ነፍስ ተረፈ። የተጠበሰ ሥጋና የሽንኩርት ሽታ ከየት እንደሆነ እንጃ አፍንጫው ላይ ደረሰ፤ እንደራበውም ያወቀው ያኔ ነው።

«ና እንግዲህ ዴልበርት፣ ራቱ ይቀዘቅዛል» አለችና፣ የምድር ቤቱን መብራት አጥፍታ፣ የባሏን ክንድ ይዛ ወደ ማድ ቤት የሚያወጣውን ደረጃ ጀመረች።