በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል

የጽዳት ሠራተኛዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የምክር ቤቱን ደረጃ ተንበርክካ ወልውላለች። ሊፍቱን ግን አንድ ቀን አልወጣችበትም። ባልዲ ይዞ ሊፍት መግባት ክልክል ነው፤ ባልዲ ያልያዘችበት ቀን ደግሞ አልነበረም።

ዛሬ ባልዲ የለም። ዛሬ ተመራጭ ናት። አራት ሰዓት ሲሆን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስሟ ይጠራል፣ ትምላለች፣ ወንበሯን ትይዛለች። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ወንበሩ በድምፅ ለተከተለው ይሰጣል። ደንቡ ደንቆሮ ነው፤ ምክንያት አይሰማም።

የተከተላት የሰፈሯን ሰው ወንዝ የሚያሻግሩት ጀልባዎች ባለቤት ነው። በዐሥራ አንድ ድምፅ በልጣዋለች። ሰውየው ከተማ ተቀምጦ ጀልባውን በሰው ያስቀዝፋል፤ ምረጡኝ ያለውም በሰው ነው። የወንዙ ዳር ሰው የሚያውቀው ታሪፉን እንጂ ፊቱን አይደለም።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሰች። ደረጃውን ገላመጠችው። «ዛሬስ ጉልበቴን አልሰጥህም» አለችና ወደ ሊፍቱ ዞረች።

በሩ ላይ የሊፍት ጠባቂው ተቀምጧል። ሥራ ላይ ሲያንቀላፋ ለአለቃው ተናግራ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈችበት እሷ ናት።

«እትዬ፣ ባልዲውስ?» አላት ከወንበሩ ሳይነሣ።

«ላንተ ትቼልሃለሁ። ፊትህን ታጠብበት።»

«ይግቡ እንግዲህ። መግባቱ አይከብድም።»

ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ተከትሏት ገባ።

«ስንተኛ ነዎት፣ እማማ?»

«ስድስተኛ።»

«እኔም እዚያው ጉዳይ አለኝ» ብሎ ቁልፉን ተጫነላትና ጀርባውን የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ ደገፍ አደረገ።

አራተኛውን እንዳለፉ ሊፍቱ ቀጥ አለ።

በሩን በመዳፏ ደበደበችው። «አንተ እንቅልፋም! ክፈት!»

የጠባቂው ድምፅ ከታች መጣ። «መብራት አለ፣ እትዬ! ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ተጭኖ እንዳይሆን እዩት!»

«ደህና ነው» አለ ሰውየው፣ ሳይዞር።

«ሰማህ? ደህና ነው ይልሃል! ቂም ቋጥረህ ኖረህ ዛሬ ልትፈታብኝ ነው!»

«ደረጃው መች አነሰዎት?» አለ ጠባቂው።

ሊፍቱ ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። የተነፈሱትን መልሰው ይተነፍሱት ጀመር። ላብ በአዲሱ ቀሚሷ ጀርባ ወረደ።

«አይጩኹ፣ ጉልበትዎን ይጨርሱታል» አለ ሰውየው። «ይልቅ ያጫውቱኝ። ከመጥረጊያ ወደ ምክር ቤት እንዴት ደረሱ?»

እሷ ደግሞ ስትጠየቅ አያስችላትም። ነገረችው። አንድ ቀን ከሰፈሯ የቀድሞ ተመራጭ ቆሻሻ ቅርጫት ወረቀት አወጣች። የሰፈሯ ሰው ለድልድይ የፈረመው ማመልከቻ ነበር፤ የራሷም አውራ ጣት አለበት። አቃንታ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በሳምንቱ ቅርጫት ውስጥ አገኘችው። መለሰችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታገኘው ምራቷ ምጥ ይዟት፣ ጀልባ ስትጠብቅ፣ ወንዙ ዳር ሞታለች።

«ጀልባ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። ሳይሞላ አይነሣም ተባለ። የባለቤቱ ትእዛዝ ነው።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ።

«ከዚያማ መጥረጊያውን ወርውሬ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ልጄ። ‹ወረቀት ቅርጫት የሚገባው አፍ ስለሌለው ነው። እኔን ቅርጫት የሚከት ካለ ይምጣና እንተያይ› አልኳቸው።»

«አፍ አለዎት» አለ እየሳቀ።

«አፍማ ሞልቶኛል። መውጫ ነው ያጣሁት።»

ከላይ ድምፅ ማጉያው ስሟን ጠራ።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች። ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ቀጠቀጠች። ሁለተኛ ተጠራች። «እዚሁ ነኝ! እግራችሁ ሥር ነኝ፣ ሰዎች!» ሦስተኛ ተጠራች። ጩኸቷ ብረቱን መትቶ ወደ ራሷ ጆሮ ተመለሰ።

ማጉያው ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ሰውየው ኮቱን ሊያስተካክል ከሰሌዳው ፈቀቅ አለ። ሊፍቱ ተንገጫገጨና ተነሣ።

«ተመስገን!» አለችና በሩ ገና በግማሽ ሳለ ሾልካ ሮጠች፣ አንድ እግሯ ባዶውን። ሰውየው ከኋላዋ ነው። የአዳራሹ ጸሐፊ በሩ ላይ ክንዱን ዘረጋ።

«አልፏል፣ እትዬ። ሦስት ጊዜ ጠርተናል።»

«ሊፍት ጠባቂው ነው! ቆልፎብኝ ነው! ይኸው፣ አብሮኝ የነበረውን ሰው ጠይቁት፤ ምስክሬ ነው!»

ጸሐፊው አልጠየቀም። መዝገቡን ገልጦ፣ በዐሥራ አንድ ድምፅ የተከተላትን ሰው ስም ጠራ።

«አቤት» አለ ምስክሯ።