ሠላሳና ደቂቃ

አሮጊቷ ፊደል ባትቆጥርም ቦታውን አሥሬ አስነብባ ይዛዋለችና ጣቷን የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ሰካች። «ይኸው! አንቺም እንደ አሮጌው መመሪያ ቆርጠሽ ጻፍሽው።» በፋብሪካው አሮጌ የቦይለር መመሪያ ላይ «ካጠፋህ በኋላ 30» የሚለው ገጹ ግርጌ ቀርቶ፣ «ደቂቃ ቆይተህ ክፈት» ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻግሮ ነበር። ትልቁ ልጇ ገጹን ሳይገልጥ እስከ ሠላሳ ቆጥሮ ከፈተው፤ እንፋሎቱ ፈጀው። ነገ እዚያው ቦይለር ላይ የሚቆመው ታናሹ ነው።

«ወላሂ እማማ፣ መስመሩ አልቆ ነው» አለች ሳቢያን ሰፈር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የከፈተችውና መመሪያውን እንደገና የምትተይበው ናዲፋ።

«መስመር አለቀ ተብሎ ሌላ ልጅ ልቅበር? እሰሪያቸው አልኩሽ!»

«30ንና ደቂቃን መስመር ቢያልቅም እንዳይለያዩ የሚያስር ባዶ ቦታ አለ፤ አሁን አስገባዋለሁ።»

ያን ጊዜ ከኋላቸው አንድ ወንድ ቀስ ብሎ ሲቆጥር ተሰማ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት... ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ማንም አልነበረም። ናዲፋ ልትዞር ቃጣት። «እማማ፣ ማነው?»

«አትዙሪ፤ እሰሪ!»

ናዲፋ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች፤ 30 ከግርጌው ተነሥቶ ደቂቃ አጠገብ ተቀመጠ። ድምፁ ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

አሮጊቷ አልዞረችም። ትኩስ እንፋሎት አንገቷ ላይ ሲያርፍባት «በል ሂድ፣ ልጄ» አለች፤ «ወንድምህን ሠላሳውን ደቂቃ ራሴ አጠገቡ ቆሜ አስጠብቀዋለሁ።»