ሁለተኛዋ ቤት

ዴልማር የሥራ ኮፍያውን ሳያወልቅ በመስታወቱ ሣጥን ፊት ደርቆ ቀረ። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው፣ «የወተት እባብ» የሚባለው የቤት እባቡ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል፤ ከአፉ የጣት ያህል ጅራት ወጥቶ ይታያል። ጅራቱም ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ነበር።

«ተዋደዱ ወይ?» አለች ሚስቱ ናዲን ከወጥ ቤት ሆና። «ጠዋት ሌክሲንግተን ከተማ ሄጄ ትንሿን እባብ የገዛሁልህ እኔ ነኝ። እባብ ፈሪዋ። ለእህቴ ብነግራት አታምነኝም።»

እጁ የክዳኑ መቆለፊያ ላይ ደርሶ ቆመ። ጅራቱን አሁን ቢጎትት ሁለቱንም እባቦች ያጣል። ይህ እባብ የራሱን ወገን እንደሚበላ ሻጩ አስጠንቅቆት ነበር፤ እሱ ግን ፈሪዋን ሚስቱን ይባስ እንዳያስፈራት ብሎ ዋጥ አድርጎት ነበር። «ጌታ ሆይ» አለ በልቡ። ጅራቱ አለቀ። እባቡም ሰውነቱ ከብዶት እየተጎተተ በማሞቂያው በኩል ካለችው የዛፍ ቅርፊት ቤት ገባ።

ናዲን እጇን እያደራረቀች መጥታ በትከሻው አሻግራ አጮለቀች። «ሁለት ቤት ሠርተህለት አንዷ ባዶዋን ስትውል አንጀቴን በላኝ እኮ። ጓደኛ የሚጠብቅ መሰለኝ።»

አንዷ ለሙቀት፣ ሌላዋ ለቅዝቃዜ፣ ሁለቱም ለአንድ እባብ ነበሩ። ይህንንም አልነገራትም ነበር።

ጎንበስ ብላ የሁለተኛዋን ቤት ጨለማ በር እያየች ፈገግ አለች። ዴልማር ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እርጥብ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈችበት።

«ቀስ በል» አለችው በሹክሹክታ፤ «ተኝታለች።»