የዞረው ነፋስ

የእትዬ ትርንጎ ቤት ትናንት ረፋዱ ላይ ከነዕቃው ነደደ። ሰፈርተኛው ሊያጽናናቸው ሲሰበሰብ እሳቸው ከሰል የሆነው ግድግዳቸው አጠገብ ቆመው እልል አሉ።

«ተመስገን ጌታዬ! ቤቴ ቢሄድ አንተ አለህልኝ!»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ግን ተናደድኩ። ምናለ እንደ ሰው ቢያለቅሱ? እግዜርን ቢያማርሩ እኔም አብሬያቸው አማርሬ ትንሽ በቀለለኝ ነበር።

«እትዬ፣ አሁን ይሄ እልል ያሰኛል?» አልኳቸው። ሳላስበው ጮኼ ነበር።

«ነፋሱ እሳቱን ወደ አንተ ቤት ሲገፋው አየሁ» አሉኝ። «ልጆችህ ውስጥ ነበሩ። ‹አምላኬ፣ የእኔው ይብቃ› አልኩት። ወዲያው ነፋሱ ዞረ። ታዲያ እልል አልልም?»

ሰዉ ሲበተን ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና፣ ከነጠላቸው ስር አመድ የምደፋበትን ጣሳዬን አወጡ።

«አጥሬ ስር አገኘሁት፤ ውስጡ ፍም ቀርቶበት ነበር። ሁለተኛ ከመድፋትህ በፊት ውሃ አርከፍክፍበት» አሉና አቀበሉኝ። «እንካ ልጄ፤ ሰው ሳያየው አጥቤልሃለሁ።»