የጋሽ ኩምሳ ቦይ

ሮቤራ በመንግሥት ቤተ ሙከራ የተሠራውን የጥበቃ ራዳር ለገበያ ለማቅረብ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ፈላጊ ያገኘው ገና አሁን፣ አቃቂ ላይ ነው። ፈላጊው አቶ ወልደገብርኤል የብረት መጋዘን አላቸው። የመንግሥት እቃ ሲባል ሳቃቸው ይመጣል።

ራዳሩ ወደ ግቢው ዞሮ ተሰቀለ። ሁለቱ ከኋላው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ይቆጥራል» አለ ሮቤራ ስክሪኑን እያሳየ። «ሳይንቀሳቀስ ቢተኛ እንኳ በትንፋሹ ያውቀዋል።»

«ወሬ!» አሉና ዘበኛቸውን ጠሩ።

ጋሽ ኩምሳ ይህ መሬት ሳይታጠር ጤፍ ይዘሩበት ነበር። አሁን ይጠብቁታል። ራዳሩ ከተገዛ የእንጀራ ገመዳቸው ተበጠሰ ማለት ነው።

«ኩምሳ፣ ከዚያ ጥግ እስከ በሩ ሳያይህ ከደረስክ አልገዛውም። ካየህ ግን ነገ እንዳትመጣ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ሮቤራ እስከ ጥጉ ሸኛቸው። ስክሪኑ ሁለት አለ። ሮቤራ ወደ በረንዳው ሲመለስ አንድ ብቻ ቀረ። ራዳሩ ሰው ሲያይ የሚጮኸውን ሳይረን ከፈተ።

ሽማግሌው በዚያ ፀሐይ በደረታቸው ተሳቡ። ሳይረኑ ጮኸ። ብረት ክምር ሥር ተኝተው ድርቅ አሉ። አሁንም ጮኸ። አቶ ወልደገብርኤል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ኧረ ይብቃቸው፤ ደከሙ» አለ ሮቤራ።

«እቃህ እንዳይጋለጥ ፈራህ?»

«አንዴ ብቻ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ኩምሳ ደረታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው። «ቦዩን ልሞክረው።»

በጎልማሳነታቸው ለውሃ ማፋሰሻ የቆፈሩት ቦይ ነው። ሣር ስለዋጠው ከእሳቸው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ገቡበት። ሳይረኑ ጮኸ። ሣሩ እየተነቃነቀ እስከ ግቢው መሃል መጣና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሳይረኑም ዝም አለ። ስክሪኑ ዜሮ አሳየ።

ጠበቁ። ዜሮ።

አቶ ወልደገብርኤል አጨበጨቡ። «ሽማግሌ ይሸውደዋል! በል ንቀልና ይዘህልኝ ሂድ!»

ሮቤራ አፈረ። የስንት ወር ልፋቱ በአንድ ጉድጓድ ገደል ገባ፤ ሽማግሌውን ከልቡ ጠላቸው።

«ኩምሳ፣ ውጣ! ሥራህ ሥራህ ነው!»

ማንም አልወጣም።

«ተመቸው መሰለኝ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

ሮቤራ ራዳሩ የቱ ጋ እንደታወረ በዓይኑ ለማየት ወደ ቦዩ ሄደ። ሳይረኑ ጮኸ። ሣሩን ገልጦ ወረደና ከሽማግሌው አጠገብ ተንበረከከ። ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረገ።

አቶ ወልደገብርኤል ከበረንዳው ሆነው ስክሪኑን አዩና ሳቃቸው እንደገና አፈናቸው።

«ሁለት ሆናችሁ አንድ ይላል እኮ! ወይ የመንግሥት እቃ!»