የከፋዩ ቀሚስ ትከሻ

ከብዙ ዓመት በኋላ አገሬ ስገባ፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቴ ቁም ሳጥኗን ከፈተችልኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ማንም እንዲነካባት የማትወደውን አረንጓዴ የከፋይ ቀሚስ አውጥታ፣ «በይ ልበሽው፤ ላንቺ አስተካክዬዋለሁ» አለችኝ።

እናታችን ዘንድሮ ታማ ስትሞት አልመጣሁም ነበርና የእህቴን ዐይን ማየት አፍሬ ለበስኩት።

ልክክ አለብኝ። አምና በሰው አገር ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ወዲህ ግራ ትከሻዬ ዘንበል ብሏል፤ ለቤተሰብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቀሚሱ በግራ ትከሻው በኩል ብቻ ስፖንጅ ገብቶበታል።

«እትዬ፣ የትከሻዬን ነገር ማን ነገረሽ?»

መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ሳቀች። «ምን ነካሽ አንቺ? የዚያ አገር ውሃ ያስረሳል ልበል? እማዬን ልታስታምሚ የመጣሽ ጊዜ ለክቼሽ የለ! እስክታርፍ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ ያላልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔማ ውለታሽን ምን ብዬ እከፍላለሁ?»

አልመጣሁም ማለት ነበረብኝ። ምስጋናዋ ግን ጣፈጠኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ «ምን ውለታ አለው፤ እናቴ አይደለች?» አልኳት።

ይሄኔ ከጓዳ የራሴ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ትከሻው ልክ ሆነላት?» ሲል ጠየቀ።