የተያዙ ወንበሮች

«በሩን እንዳትነኩት፣ ቀለሙ አልደረቀም» እያልኩ ጎብኚ ወላጆቹን ወደ አዲሱ ክፍል አስገባለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየማክሰኞው፣ ትምህርት ቤቱን ወደ ሰፈራችን አዲስ ለገቡ ሀብታም ወላጆች የማስጎበኘው እኔ ነኝ። በነጻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሃስኬል «ሎሬታ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይሉኛል። ያንን ምስጋና እየበላሁ ነው የምኖረው።

ክፍሉ ለጎበዝ ተማሪዎች ነው፤ በመጪው መስከረም ሰባተኛ ክፍል ላይ ይጀመራል። ወላጆቹ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ቤት ሊገዙ የመጡ ይመስል። ቤቱንማ ገዝተዋል፤ ግማሹ ፊላደልፊያ የነሱ ነው። ልጆቻቸውን ግን እዚህ ልከው አያውቁም።

«ፈተናው ቀላል እንዳይመስላችሁ» እላለሁ፣ እንደለመድኩት። «የኔዋ ልጅ ካሚል ከመቶ ዘጠና አራት አምጥታ እንኳ ተጠባባቂ ናት። ቦታው ሞልቷል ተባልን።» ይህን የምለው ክፍሉ እንዲከበር ብዬ ነው።

ጋሬት የሚባለው፣ የብስክሌት ቆቡን ያላወለቀው አባት፣ ወደ ሚስቱ ይዞራል። «የምን ፈተና?»

«አንተ ደግሞ፣ ዝም በል» ትለዋለች፣ ፈገግታዋን ሳትለቅ።

«ሃስኬል ሳሎናችን ቁጭ ብሎ አይደል እንዴ የነገረን? አስራ ሁለታችንም ቤተሰቦች ልጆቻችንን ለማስመዝገብ አንድ ላይ ከፈረምን ወንበሩ ተይዞልናል፣ ፈተና የለም አለን እኮ! አንዱ ቤተሰብ ከፈራ ሌላውም ስለሚሸሽ ነው፣ ሚስ ሎሬታ። እኛ ሰዎች እንደ በግ ነን።» ይስቃል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ደግነቱ ነው።

ሚስተር ሃስኬል የብስኩት ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል።

«ሎሬታ» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚህ ሰዎች ከገቡ ትምህርት ቤቱ ከፍ ይላል። ለካሚልም ይተርፋታል።»

«መቼ?»

«በሂደት።»

ካሚል አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሂደት እስኪደርስ የራሷን ልጅ ታስመዘግባለች።

«ከአስራ ሁለቱ ወንበር አንዱን እንኳ ለካሚል?»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ለኔስ?»

ብስኩቱን ለጋሬት ሚስት ያቀርባሉ።

አንዲት እናት ማስታወሻ ደብተሯን ትገልጣለች። «ሚስ ሎሬታ፣ ልጅዎ አሁን የትኛው ክፍል ነው የምትማረው?»

የካሚል ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ጉብኝታችን ግን ወደዚያ ወርዶ አያውቅም። መንገዱን እንደዚያ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

«ኑ፣ ላሳያችሁ» እላለሁ።

«ሎሬታ!» ይላሉ ሚስተር ሃስኬል። አልዞርም። ደረጃው ላይ የሁሉም ኮቴ ይከተለኛል፤ የሳቸውም ጭምር።

በሩን ስከፍት ሠላሳ ስድስት ልጆች ቀና ይላሉ። ካሚልና ሁለት ልጆች ከማሞቂያው ቧንቧ ጥግ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይዘው ተቀምጠዋል። ካሚል እኔን ታያለች። ከኋላዬ እንግዶቹን፣ ከእንግዶቹ ኋላ ርዕሰ መምህሩን ታያለች። እሳቸው እዚህ የሚወርዱት የምሥራች ሲኖር ብቻ ነው።

ፊቷ ይበራል። ኮሌታዋን ታስተካክልና፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች።